ልጄን «ሪሊፍ ፒቸር» አደረጉት፤ ይሄ ከደረጃ ማውረድ ነው?

ማሚ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ወገኖቼ። ቤዝቦል የሚገባው ሰው እዚህ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። እኔ እስካሁን የገባኝ ጨዋታው ረጅም መሆኑና የሚታጠፍ ወንበር ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ እግር ኳስ እንዲጫወትለት ስንት ለፋ። ልጁ ግን ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ቤዝቦል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ፒቸር ነው፤ ኳሷን የሚወረውረው። አምና ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነበር። እኛም ቀድመን ደርሰን፣ ከፊት ተቀምጠን፣ ስሙ ሲጠራ እያጨበጨብን ነበር የምናየው። አንድ ቀን እንደውም ደስታው አሸንፎኝ እልል ብዬ ዳኛው ዞሮ አየኝ። ልጄ ማታ «እማ፣ በናትሽ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ነው የማየው።

ዘንድሮ አሠልጣኙ ጠርቶ «አንተ ከእንግዲህ ሪሊፍ ነህ» አለው። ልጁ ቤት ሲመጣ ራት አልበላም። አሁን ከአጥሩ ጥግ ካለች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዳንዴ 6ኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ይጠሩታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይጠሩትም። እኔ የማታ ሥራ ነው የምሠራው። እንቅልፌን ሰውቼ ሄጄ፣ ልጄ ሲቀመጥ አይቼ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ «ተቀያሪ ሆነ ማለት ነው፣ ያቁም» ይላል። እውነት ቅጣት ነው? በዚህ ሥራ ሰው የሚባል ሆኖ ያውቃል? ለልጁስ ምን ብለው ነው የሚሻለው?

ቢኒ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ባልሽ ልክ ነው። ቤዝቦል ላይ የተቀመጠና የቆመ ተጫዋች ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁሉም ሱፍ እያኘኩ ነው የሚውሉት 😂 እግር ኳስ አስገቢው፣ ገና 15 ነው፣ ይደርሳል።

ታክሲው

እህቴ፣ ቢኒን ተይው። አርሰናል ሲሸነፍ ሦስት ቀን ስልክ የማያነሳ ልጅ ነው።

እኔ ዲሲ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በፈረንጅ 1998 ነው። ያኔ ዋሽንግተን የቤዝቦል ቡድን እንኳን አልነበራትም። ናሽናልስ ከሞንትሪያል የመጣው በ2005 ነው። መጀመሪያ አርኤፍኬ ስታዲየም ተጫወቱ፤ በ2008 ኔቪ ያርድ ያለው አዲሱ ስታዲየም ተከፈተ። ቤዝቦልን በፍቅር የተማርኩት እንዳይመስልሽ፤ ለእንጀራ ነው። ሰዉ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነበረብኝ። ቡድኑ 7ኛው ኢኒንግ ላይ 8 ለ 1 እየተመራ ከሆነ ሰዉ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ እጭናለሁ። ጨዋታው ከተቀራረበ ግን ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ ይፈስና መንገዱ ይዘጋል፤ አንድ ሰው ጭኜ ቆሜ እቀራለሁ። ስለዚህ ሬዲዮ ከፍቼ በጉጉት የምሰማው አንድ ነገር ነበር፦ ከቡልፔን የሚወጣው ማነው?

ቡልፔን ማለት ልጅሽ የሚቀመጥባት ያቺ የአጥር ጥግ ናት። ትልቆቹም ዘንድ እንደዚያው ናት፤ አጥሯ ብቻ ያምራል። የትልልቆቹ ጨዋታ 9 ኢኒንግ ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር፣ «ጀማሪ» የምንለው፣ አምስት ወይም ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ክንዱ ሲዝል፣ ወይም መቺዎቹ ሲለምዱት፣ ስልክ ወደ ቡልፔን ይደወላል። አዎ፣ እውነተኛ ስልክ አለ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። የተጠራው ተነስቶ ያሟሙቃል፣ ከዚያ በሩ ይከፈትና ይገባል። 8ኛውን የሚይዝ አለ። 9ኛውን ይዞ ጨዋታውን የሚቆልፈው ደግሞ ክሎዘር ይባላል። ሁሉም ግን ሪሊፍ ናቸው።

ባልሽ «ተቀያሪ» ያለው በእግር ኳስ ዓይን አይቶት ነው። ይልቅ በሩጫ ይየው። እኛ የሩጫ ሰዎች አይደለን? አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ይጀምራል፣ የጀመረው እሱ ነው ብሎ ግን ማንም ስሙን አይዝም። ምሩፅ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ያልነው ሞስኮ ላይ መጀመሪያው ዙር ላይ ባደረገው ነው እንዴ?

እሺ፣ በምሳሌ ብቻ አልሸኝሽ። ስለ አንድ ሰው ልንገርሽ። የናንተው የቨርጂኒያ ልጅ ነው። ዳንኤል ሃድሰን ይባላል። ሊንችበርግ ነው የተወለደው፣ ኖርፎክ ያለው ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2008 መረጠው፤ በ2010 ለአሪዞና አሳልፈው ሰጡት። እዚያ ጀማሪ ነበር፤ እንደ ልጅሽ። በ2011 16 ጨዋታ አሸንፎ 222 ኢኒንግ ወረወረ። ይሄ ብዙ ነው። የፈረስ ሥራ ነው። 24 ዓመቱ ነበር፣ ሁሉም ነገር ተከፍቶለታል።

በ2012 ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና። ዓመት ሙሉ እየተንፏቀቀ አገግሞ፣ በ2013 ሊመለስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያው ጅማት እንደገና ተበጠሰ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ እዚያው ክርን ላይ። ትልቁ ሜዳ ላይ ሳይቆም ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። በሴፕቴምበር 2014 ሲመለስ ያ 222 ኢኒንግ የሚሸከም ክንድ የለም። ምን አደረጉት? ቡልፔን አስገቡት። አንድ ኢኒንግ ብቻ፣ ባለ በሌለ ኃይልህ ወርውርና ውጣ አሉት።

ከዚያ ኑሮው የታክሲ ሆነ። ፒትስበርግ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያ በ2019 ማርች የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ገና ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበቱት። 32 ዓመቱ ነው፣ ሥራ የለውም። ቶሮንቶ ወሰደው። ጁላይ 31፣ የዝውውሩ መስኮት ሊዘጋ ሲል፣ የኛ ናሽናልስ አመጡት። እኛ ያኔ ቡልፔናችን ለማኝ ነበር። ጀማሪዎቹ ይመሩልናል፣ እነሱ ይጥላሉ። ዓመቱን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ የጀመረ ቡድን ነው የማወራሽ።

ቆይ፣ ይሄ እንዲገባሽ 2012ን ልንገርሽ። ኦክቶበር 12 ሌሊት፣ ናሽናልስ ከሴንት ሉዊስ ጋር፣ ያሸነፈ ያልፋል። ገና በጊዜ 6 ለ 0 መራን። እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ታክሲዬን አቁሜያለሁ። 9ኛው ኢኒንግ ደረሰ፣ 7 ለ 5 እየመራን ነው፣ ክሎዘራችን ድሩ ስቶረን ወጣ። ሁለት አውት አገኘ፤ ሁለት መቺ አስወጣ ማለት ነው፣ ሦስተኛው ከወጣ አለቀ። አንድ ስትራይክ ብቻ፣ መቺው የሚስታት አንዲት ውርወራ ብቻ ቀረችው። አንድ! ሬዲዮው ውስጥ ሕዝቡ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ከመስታወቱ ውጭም ያው ጩኸት ይሰማኛል፣ ሁለቱ እኩል አይመጡም፣ ሬዲዮው ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ የውጭው ቀድሞ ጸጥ አለ። ሬዲዮው ገና እየጮኸ ነበር። አራት ነጥብ አስገቡብን፣ 9 ለ 7 አለቀ። የዚያን ሌሊት ሦስት ሰው ጭኜ እስከ ቤተዝዳ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ገንዘቡን ሰጥተውኝ በሩን እንኳ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ስለዚህ ሃድሰን ሲመጣ ማንም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አልተሳለም። ግን ሰውየው በ24 ጨዋታ ሊነካ አልቻለም። ኦክቶበር ደረሰ። ከሴንት ሉዊስ ጋር ለሊጉ ዋንጫ የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ሚስቱ ሦስተኛ ሴት ልጃቸውን ልትወልድ ሆነ። ጨዋታውን ትቶ ሄደ! ደግ አደረገ። አንድ የቀድሞ የሌላ ክለብ ፕሬዚዳንት በአደባባይ ሲወርድበት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው የተከላከሉለት። የዚያን ቀን እሱን ተክቶ የመጨረሻዎቹን አራት አውቶች ያወጣው ሾን ዱሊትል ነው። 2 ለ 0 አሸነፍን። ሃድሰን በማግሥቱ ተመለሰ።

ኦክቶበር 30፣ 2019። ሂውስተን፣ የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ ትልቅ ዋንጫ ፍጻሜ፣ 7ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። እኔ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መጠበቂያው ውስጥ ነበርኩ። ሌሊት ነው፣ አውሮፕላን የለም፣ ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ሐበሻው፣ ፓኪስታኑ፣ ጋናው አንድ መኪና ዙሪያ ተኮልኩለናል። 6 ለ 2 እየመራን 9ኛው ላይ ሃድሰን ወጣ። የሂውስተኑ መቺ ስፕሪንገር ወደ ላይ መታት፣ ተቀለበች። አልቱቬን በስትራይክ አስወጣው። ብራንትሊን በስትራይክ። አለቀ። ሃድሰን ጓንቱን ከእጁ አውልቆ ወረወረው፤ እኔም ኮፍያዬን ወረወርኩ፣ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። ክሎዘር የሚመዘንበት ቁጥር «ሴቭ» ይባላል። ከ1969 ጀምሮ በይፋ ይቆጠራል። በተለመደው መንገድ ለማግኘት ቡድንሽ ቢበዛ በሦስት ነጥብ እየመራ ገብተሽ አንድ ኢኒንግ ወርውረሽ መጨረስ አለብሽ። የዚያን ሌሊት ልዩነቱ አራት ነበር። ለዋሽንግተን የመጀመሪያውን የናሽናልስ ዋንጫ ያመጡት ሦስት አውቶች ለሃድሰን ሴቭ ሆነው አልተቆጠሩም። እንግዲህ ለልጅሽ ቁጥር ሲያሳስበው ይቺን ንገሪው።

ማሚ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ምሩፅ ይፍጠር ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ካለ ተቀብሏል ማለት ነው።

ግን አሁን ሌላ ፍርሃት ጨመሩብኝ። ሁለቴ ጅማቱ ተበጠሰ አሉኝ እኮ። ልጄ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞም ሐሙስም ወርውሯል። ቅዳሜ ደግሞ ለሌላ ቡድን ይጫወታል። ክርኑን ሲያሸው አይቼ «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። ደግሞም፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ሐኪም አይደለሁም

እህቴ፣ የታክሲው ጋሼ እስኪመጡ እኔ ስለ ክርኑ ልንገርሽ። የፊዚዮቴራፒ ረዳት ነኝ፣ እንደ ስሜ ሐኪም አይደለሁም። ግን እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ አያለሁ።

የሚበጠሰው ጅማት ከክርን በውስጥ በኩል ያለ ነው። የላይኛውን የክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር ያያይዛል። ኳስ በኃይል ሲወረወር ያ ጅማት ነው የሚወጠረው። ከ1974 በፊት ይሄ ከተበጠሰ የፒቸር ኑሮ ያበቃ ነበር። በዚያ ዓመት ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሚባሉ ሐኪም ለዶጀርስ ፒቸር ለቶሚ ጆን ከሌላው እጁ ጅማት ወስደው ክርኑ ውስጥ ተከሉለት። ሰውየው በ1976 ተመለሰና እስከ 1989 ወረወረ። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በሐኪሙ ሳይሆን በታማሚው ስም ነው የሚጠራው። ማገገሚያው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ወላጆች አንዳንዴ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የበለጠ ይወረውራል ይባላል» ብለው ይጠይቁኛል። እባካችሁ፣ ይሄ ጅማት ነው፣ የመኪና ጎማ አይደለም።

አሁን ወዳንቺ ልጅ። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል ለልጆች ያወጡት መመሪያ አለ። ለ15 እና 16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አይበልጥም። እስከ 30 ከወረወረ በማግሥቱም መወርወር ይችላል። ከ31 እስከ 45 ከሆነ አንድ ቀን ያርፋል፤ ከ46 እስከ 60 ሁለት ቀን፤ ከ61 እስከ 75 ሦስት ቀን፤ ከዚያ በላይ አራት። ስለዚህ «ማክሰኞና ሐሙስ ወረወረ» ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ስንት ስንት ወረወረ ነው ጥያቄው።

የሪሊፍ ልጆች ላይ ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ቡልፔን ውስጥ ሲያሟሙቅ የሚወረውረው በቆጠራ ውስጥ አይገባም። ልጁ ተነስ ይባላል፣ 20 ይወረውራል፣ ቁጭ በል ይባላል። እንደገና ተነስ ይባላል። ጨዋታ ሳይገባ ቤቱ ይገባል። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ነው፤ ክንዱ ላይ ግን ዜሮ አይደለም። ሁለት ቡድን ደግሞ ከባድ ነው፤ የአንዱ አሠልጣኝ የሌላውን ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው ሰው አንቺ መሆን አለብሽ። ስልክሽ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን መዝግቢ፣ የማሟሟቂያውንም ጨምረሽ። ለሁለቱም አሠልጣኝ ላኪላቸው። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ከመወርወር ማረፍ አለበት።

ክርኑን ማሸቱ ግን አልወደድኩትም። ከውስጥ በኩል ከሆነ የሚያሸው ቅዳሜን ይዝለልና የስፖርት ሐኪም ይየው። «ምንም» የ15 ዓመት ልጅ መልስ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ መጀመሪያ ያሉት እሱን ነው።

ታክሲው

እህታችን የተናገረችውን ሁሉ ፈርሜበታለሁ። ቅዳሜን ይዝለል።

ሃድሰን ምን ሆነ ላልሽው፦ በ2021 አጋማሽ ለሳንዲያጎ አሳልፈው ሰጡት። በ2022 ዶጀርስ ገባ። በጁን አትላንታ ላይ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ ለማንሳት ሲሮጥ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2023 ተመለሰ፣ ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተና በሌላኛው ጉልበቱ ተጎዳ። 36 ዓመቱ ነው እንግዲህ። እኔ ብሆን ያኔ ቡና ቤት ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። እሱ በ2024 መጣና ከ60 በላይ ጨዋታ ወረወረ። ለወርልድ ሲሪሱ ዋንጫ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ተገናኙ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ሦስት የያንኪስ ሯጮች ቤዝ ላይ ቆመው ሳለ ቮልፒ የሚባለው ልጃቸው ኳሷን መትቶ ከሜዳ ውጭ አወጣበት። በአንድ ምት አራት ነጥብ። ተሸነፉ። በማግሥቱ ዶጀርስ ዋንጫውን ወሰደ። ቀኑ ኦክቶበር 30 ነበር፤ ከሂውስተኑ ሌሊት ልክ አምስት ዓመት። ሃድሰን ያኔውኑ ጡረታ ወጣ።

አየሽ፣ የመጨረሻ ሳምንቱ ላይ ያን ምት በልቷል፣ ዋንጫም በልቷል። ይሄ ሥራ እንዲህ ነው። ጀማሪ ፒቸር ከተመታ አምስት ቀን ያስብበታል። ሪሊፍ ነገ ማታ ሊጠራ ይችላል። ለዓመታት የታዘብኩት ይሄን ነው፤ የሚቆዩት በጣም የሚወረውሩት ብቻ አይደሉም፣ ትናንትን ቶሎ የሚረሱት ናቸው። ያንኪስ ማሪያኖ ሪቬራ የሚባል ፓናማዊ ነበራቸው፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። 652 ሴቭ፣ ከማንም በላይ። በ2019 የዝና አዳራሽ ሲመረጥ መራጮቹ አንድም ሳይቀሩ ድምፅ ሰጡት፤ ከሱ በፊት ማንም እንዲህ ተመርጦ አያውቅም። እሱም በ2001 ወርልድ ሲሪስ የመጨረሻውን ጨዋታ የመጨረሻውን ኢኒንግ አስረክቧል። በጀማሪነትም ሞክረውት ነበር፣ በ1995። አልሆነም።

ትልቁ ሜዳ ላይ የምታያቸው ሪሊፎች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ጀማሪ ነበሩ። ያ ሾን ዱሊትል ያልኩሽማ ጭራሽ በመቺነት ነበር የተቀጠረው። ቻርሎትስቪል፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። ጉልበቱ ተበላሸ፣ የእጁ አንጓ ተበላሸ፣ በመጨረሻ «እስቲ ወርውር» አሉት። ወረወረ።

ደግሞ ቢሊ ዋግነር አለ፤ እሱም ከቨርጂኒያ፣ ከተራራማው ከደቡብ ምዕራቡ። ልጅ ሆኖ ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ጂፕሰም ታስሮለት ሥራ ፈት ሲሆን በግራው መወርወር ለመደ። ቁመቱ ከእኔ አይበልጥም። በዚያ በግራው 422 ሴቭ አገኘ። ለዝና አዳራሽ አሥረኛውና የመጨረሻው ዕድሉ ላይ፣ በ2025፣ ተመረጠ። ጡረታ ወጥቶም እዚሁ ቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን አሠልጥኗል።

ገንዘቡን ለባልሽ፦ ኤድዊን ዲያዝ የሚባል ክሎዘር በ2022 መጨረሻ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የአምስት ዓመት 102 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። ግን ይሄን ሰምቶ ሥራውን እንዳይለቅ። ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ልጅ በ2023 ዝቅተኛ ክፍያው በዓመት 35,800 ዶላር ነበር። ከዚያም ወዲያ ከዚያም ያነሰ አለ። እኔ በታክሲ ከዚያ የተሻለ ያገኘሁበት ዓመት አለ። አብዛኛው ልጅ እዚያው ይቀራል። ትምህርቱን ይያዝ።

ቢኒ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ ሁለት ጽሑፍ ሙሉ አንብቤ ጨረስኩ። አርሰናልን ባያነሱት ጥሩ ነበር። ያ ጓንት የወረወረበትን ቪዲዮ ግን አየሁት። እሺ፣ ትንሽ ነው የምላችሁ፣ ትንሽ ደስ ይላል።

ማሚ ከአሌክሳንድሪያ

ተመለስኩ። ቅዳሜን አልተጫወተም፣ ኩርፊያው ሌላ ነው። ሐኪሙ አይቶት ጅማቱ ደህና ነው፣ ተቆጥቷል ግን ብሎ ሁለት ሳምንት አሳረፈው። እንደተመከርኩት ስልኬ ላይ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ያለፈውን ሳምንት አብረን ስንቆጥር የማሟሟቂያው ብቻ 70 አለፈ። እሱም ደነገጠ።

አሠልጣኙን ደወልኩለት፣ ፈርቼ። ለምን ሪሊፍ እንዳደረገው ስጠይቀው «የመጀመሪያዎቹን 20 ውርወራዎች ማንም አይመታውም፤ ከዚያ በኋላ ይመቱታል» አለኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። ለልጁም እንደዚሁ ብሎት ነበር አሉ፤ ልጁ ግን ከመካከሉ «ይመቱታል» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው።

ባለቤቴ ትናንት ማታ ሳሎን ውስጥ የሃድሰንን ቪዲዮ ለልጁ ሲያሳየው ያዝኩት። «አባ፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ» ይለዋል ልጁ። «ዝም ብለህ እይ» ይለዋል።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ወንበሬን ከፊት አንስቼ ቡልፔኑ አጠገብ ባስቀምጠው ነውር አለው?

ታክሲው

የለውም፣ ከአጥሩ ውጭ እስከሆንሽ ድረስ። ብዙ አትጠጊ ብቻ፣ ሲያሟሙቅ ኳሷ ታመልጣለች። ቆሎ ያዢ፣ ጥበቃው ረጅም ነው። እልልታውን ደግሞ የልጆቹ ጨዋታ የሚያበቃበት 7ኛው ኢኒንግ እስኪያልቅ ቻይው።